ከሀይቁ በኋላ ወዴት?

ኢንጅነር ሰይፈሚካኤል በዚያ ሰሞን የሐዋሳን ቢሮዎች ደጅ ሲጠና የጫማው ሶል አልቋል። ምን ይደረግ፣ ሆስፒታል እሠራለሁ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሲሚንቶ ሳይሆን ወረፋ ነው! ጤና ቢሮ የክፍሎቹን ስፋት አይቶ አጽድቋል፤ ማዘጋጃ ቤቱም የሕንፃውን ፕላን ተቀብሏል። የቀረችው አንዲት የአካባቢ ጥበቃ ፊርማ ናት። እሷ ካልተገኘች ግንባታ የለም፤ ግንባታው ሰኔ ሳያልቅ ካልተጀመረ ደግሞ በሊዝ የተገኘው ቦታ ለከተማው ይመለሳል።

ቦታው ወደ ቡሹሎ ሲኬድ፣ ሀይቁን ቁልቁል የሚያይ ነው። ባለቤቱ ሀጂ ጠሀ ዕድሜ ልካቸውን በከተማው ገበያ ጨርቅ የነገዱ ሰው ናቸው። አንዲት ልጃቸው ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት ብትደርስ «አልጋ ሞልቷል፣ ወደ ሌላ ቦታ ውሰዷት» ተባለችና መንገድ ላይ አለፈች። ሀጂ ለቅሶው ሲበተን ሱቃቸውን ሸጡ። የእናቶች ሆስፒታል ሳልሠራ አልሞትም አሉ፤ በግቢው ታችኛው ጥግም ለራሳቸው አንዲት ትንሽ ቤት አስነደፉ። «አዲስ የተወለደ ሲያለቅስ እየሰማሁ ላርጅ» ነበር ያሉት።

ፊርማዋን የያዙት ወይዘሮ ሙሉጌጥ ናቸው፤ በቀላሉ ፊታቸው የማይፈታ ሴት። ፕላኑን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ በወጣችው ሰማያዊ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ቱቦ ናት። ፍሳሹ ጉድጓድ ውስጥ ይዘቅጥና ውሃው ብቻ ወደ ሀይቁ ይወርዳል» አለ ሰይፈሚካኤል።

«ከሀይቁስ በኋላ?»

«ከዚያማ ይሄዳላ።»

«ወዴት?»

ሰይፈሚካኤል ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«የሚሄድበትን አግኝና ንገረኝ። ያን ቀን እፈርማለሁ» ብለው ፕላኑን ጠቅልለው በእጁ ሰጡት።

ሌላ ሰው ቢሆን «እጅ መንሻ ፈልጋ ነው» ብሎ በየካፌው ያማቸው ነበር። ሀጂ ጠሀም ፊርማው አለመገኘቱን ሲሰሙ በስልክ ጮኹ። «ሰኔ ደረሰ እኮ ኢንጅነር! ከላይ ሰው አለኝ፣ አስደውልባታለሁ!»

«ሀጂ፣ እስከ ነገ ይታገሡኝ» አላቸው።

ሰይፈሚካኤል አመል አለበት፤ አንድ ጥያቄ ከገባበት ምግብም አይበላለት። እውነትም ወዴት ነው የሚሄደው? እሱ የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲፈስ እያየ ነው ያደገው። ሀይቅ ከሆነ መውጫ አለው፣ አለቀ! ስልኩን አወጣና ካርታውን አየ። በሰሜን በኩል አንድ ወንዝ ሀይቁን ነክቶ ተሥሏል፤ ጥቁር ውሃ። «አገኘሁሽ!» አለና ባጃጅ ውስጥ ዘሎ ገባ።

የወንዙ ድልድይ ላይ ቆሞ ሸንኮራ እየላጠ ቁልቁል ተመለከተ። ውሃው ዝግ ያለ ነው። ልጣጩን ጣለለት። ልጣጩ ትንሽ ዞር ዞር አለና ቀስ ብሎ ጉዞ ጀመረ፤ ወደ ሀይቁ! አላመነም። ወደ ሌላኛው ጎን ተሻግሮ ሌላ ጣለ። እሱም በድልድዩ ሥር ሾልኮ የመጀመሪያውን ተከተለ። ሸንኮራ አዝሎ የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ አየውና «ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለው።

«የሀይቁ መውጫ።»

«የለውም እኮ!» አለ ሰውየው፣ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደሚል ሰው፣ መንገዱንም ቀጠለ።

ወይ ጉድ! ይህን ያህል ዓመት ተምሮ፣ የሚገባ ወንዝ ይወጣል ብሎ ባጃጅ ተኮናትሮ መጣ። ካርታውን ደግሞ ዙሪያውን እየጎተተ ፈተሸው። ወደ ሀይቁ የሚገባ እንጂ ከሀይቁ የሚወጣ አንድም ወንዝ አጣ፤ ፀሐይ በትነት ከምትወስደው በቀር ሁሉም እዚያው ነው። ያቺን ሰማያዊ መስመር የሠራው በገዛ እጁ ነበርና አፈረ። ደስም አለው፣ እውነት ለመናገር፤ መልሱን አግኝቷልና።

በማግሥቱ ሀጂ ሀይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ቀጠሩት። ጥሬ ዓሣ በአዋዜ ቀረበ። ሰይፈሚካኤል ቁራሹን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ።

«ምነው፣ ጾም ነው እንዴ?» አሉ ሀጂ።

«አይደለም። ሀጂ፣ ይህ ዓሣ የሚኖርበት ውሃ መውጫ የለውም። ያ ጉድጓድ መድኃኒቱንና ጀርሙን አያስቀርም። ከሆስፒታሉ የለቀቅነውን፣ ለአራሷ ብለን በዓሣ ሾርባ መልሰን ልናጠጣት ነው። ውሃውን የሚያጣራ ግንባታ ያስፈልገናል፤ የተጣራውን ደግሞ የግቢው ዛፍ ይጠጣዋል። ግን ቦታ ይፈልጋል። ዝቅ ያለው ቦታ ደግሞ...»

«ቤቴ!» አሉ ሀጂ። ፊታቸው ተቀያየረ። «ከዚህ ሁሉ ግቢ አንዲት ጎጆ ነው የጠየቅኩህ! እንዲያው ቱቦውን ራቅ አድርገህ ወደ ሌላ ቦታ ብትልከው ምን ይልሃል?»

ያሉት ነገር ጆሯቸው ላይ ቀረ። ሰይፈሚካኤልም ገባውና አቀረቀረ።

«ልጄንም እንደዚህ ነው ያሏት» አሉ። በመሐረባቸው ዓይናቸውን ጠራረጉ። «ቤቱን አውጣው፣ ልጄ። የሕፃናቱን ለቅሶ በእግሬ እየመጣሁ እሰማለሁ።»

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ሁለቱም ወይዘሮ ሙሉጌጥ ፊት ቆሙ።

«ወዴት ይሄዳል?» አሉ ሴትዮዋ።

«የትም አይሄድም» አለ ሰይፈሚካኤል።

አዲሱን ፕላን ረጅም ጊዜ አዩት። ሰማያዊዋ መስመር የለችም። «ከእናንተ በፊት ለመጡት ማጣሪያ ሥሩ ብዬ ነገርኳቸው» አሉ። «እሺ ብለው ነደፉት። በኋላ ሄጄ ሳይ ሕንፃው ቆሟል፣ ማጣሪያው ወረቀት ላይ ቀርቷል። እናንተስ?»

ሀጂ ጠሀ ቆባቸውን አስተካከሉ። «ነገ ጠዋት ቁፋሮ እንጀምራለን፤ መጀመሪያ የሚቆፈረውም የማጣሪያው ነው። ይምጡና ይዩ።»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ መሳቢያቸውን ስበው ማኅተሙን አወጡ። «ስንት ሰዓት ልምጣ?» አሉ።