የወይራው መቋሚያ

ማህዲ ቱርክ አገር አምስት ዓመት ምህንድስና ተምሮ በለውጡ ሰሞን ሐይቅ ከተማ ሲገባ፣ አባቱን ሀሚዱን እዚያው የእንጨት ማዞሪያው ቶርኖ ላይ እንደቆመ አገኘው። ሦስት ወር ላግዘው ብሎ ጀመረ፤ ሦስት ዓመት ሞላው። ልቡ ግን አንድም ቀን አልረጋም።

የሀሚዱ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ሞተሩ ከቆመ በኋላ ነው። የመቋሚያውን እንጨት መጀመሪያ በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በመካከለኛው፣ ከዚያ በደቃቁ ይፈገፍጋል። በውኃ ያረጥብና ጥላ ላይ ያደርቀዋል፤ ብድግ ያለውን የእንጨት ቃጫ እንደገና ያሻል። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን ያስጠጋል።

«ካህናቱ ቆመው የሚያድሩት በዚህ ተደግፈው ነው» ይላል። «ጉንጭ የሚሞርድ መቋሚያ ከእኔ ቤት አይወጣም።»

በ2014 መስከረም የሐይቅ እስጢፋኖሱ የዜማ መምህር መሪጌታ አሻግሬ ለጥቅምቱ በዓል የወይራ መቋሚያ አዘዙ። ግራና ቀኝ ክንድ ያለውን የመቋሚያውን ራስ የሠራው ማህዲ ነበር። ቸኮለ። መካከለኛውን ወረቀት ዘለለና እንጨቱ ቶርኖው ላይ እየዞረ ፈግፍጎ ቫርኒሽ ቀባበት።

ሀሚዱ ወደ በሩ ብርሃን አዘንብሎ አየው። ክር የመሰለ ጭረት እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይዞታል።

«ቱርኮች እንዲህ ነው የሚጨርሱት?»

«አባዬ ደግሞ፣ ማን መነጽር ደቅኖ ያየዋል?»

«ፋቀውና እንደ አዲስ ጀምር።»

አባቱ ለጁምዓ ሲወጣ ማህዲ መቋሚያውን እንዳለ ይዞ መሪጌታ ቤት ሄደ።

«አባዬ አይቶት ወዶታል» አላቸው።

ሀሚዱ ስለ መቋሚያው ዳግመኛ አላነሳም። ማህዲ የረሳው መሰለው። የበዓሉ ሳምንት ሳያልቅ ጦርነቱ ከተማዋ ገባ፤ መብራት ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ የሀሚዱ የስኳር መድኃኒትም አለቀ። ማህዲ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ውሸቱን ሊነግረው ስንቴ አፉን ከፍቶ ዘጋ። ኅዳር ላይ አባቱን ቀበረ።

መሪጌታ ከሸሹበት ከአምባሰል የተመለሱት በጥር ነው። ማህዲ ብርጭቆ ወረቀቶቹን በፌስታል ይዞ ደጃፋቸው ደረሰ። ለቅሶ እንዲደርሱት እንኳ ጊዜ አልሰጣቸውም።

«መሪጌታ፣ ዋሽቼዎታለሁ። አባዬ ሥራውን አልወደደውም ነበር።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ።»

ማህዲ ደነገጠ።

«አባትህ በበዓሉ ማግስት መጣ» አሉ። «‹አሻግሬ፣ ዓይኔ ደክሞ መቋሚያህን አበላሽቼብሃለሁ፣ አውፍ በለኝ፣ ማረኝ› አለኝ። ‹አንተ ዋሾ፣ ዓይንህ ከጭልፊት ይሻላል› አልኩት፤ ሳቀ። እዚችው ደፍ ላይ ተቀምጦ ሲፈገፍግ ዋለ። ግራውን ክንድ ጨረሰና ‹ቀኙን ቅዳሜ› ብሎኝ ሄደ። ቅዳሜ እኔ በስደት መንገድ ላይ ነበርኩ።»

መቋሚያውን አመጡለት። ማህዲ በግራው ክንድ ላይ ጉንጩን አሳረፈ፤ ምንም አልተሰማውም፣ እንጨት መሆኑን እንኳ። ቀኙ ሞረደው።

እዚያው ደፍ ላይ ተቀመጠ። ቫርኒሹን ፋቀ፤ ሻካራውን፣ መካከለኛውን፣ ደቃቁን በተራ አሳለፈበት። አረጠበው፣ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ እንደገና አሸው። ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን አስጠጋ። የለሰለሰ መሰለው። እርግጠኛ ግን አልነበረም፤ የሚጠይቀውም ሰው የለም።

መሪጌታ ተቀብለው በግራው ተደገፉ፤ ቀጥለው በቀኙ።

«እንዴት ነው?»

ጣታቸውን በቀኙ ክንድ ላይ አሳለፉ። የሐዘንተኛን ልብ ላለመስበር ቃል የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

«ይቀረዋል» አሉ።

ማህዲ ደቃቁን ወረቀት እንደገና ከፌስታሉ አወጣ።