የተላጠው ፕላስተር

መካኒኩ የተሰባበረውን ሞተር ሳይክል በጎኑ አጋድሞ የፊቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ሲፈታ፣ ሥራ አስኪያጁ ጫማውን ከፈሰሰው ዘይት እየጠበቀ መጥቶ ከአጠገቡ ቆመ። ወረቀትና እስክሪብቶ ባንድነት ዘረጋለት።

«ቶሎ ፈርምልኝ። የመድን ሰዎች እስከ ስድስት ሰዓት ነው የሚጠብቁኝ።»

መካኒኩ እጁን በቱታው ጠርጎ ተቀበለ። ጽሑፉ አጭር ነበር፤ የግጭት መከላከያ መሣሪያው በትክክል ይሠራ እንደ ነበር፣ አደጋውም የደረሰው አሽከርካሪው ከመጠን በላይ በመፍጠኑ እንደ ሆነ ይናገራል። ከግርጌው ለጋራዡ ኃላፊ ፊርማ ባዶ መስመር ተትቷል።

«በመፍጠኑ?» አለ። «አለቃ፣ ይህን ሰው ጓደኞቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት ያውቃሉ?»

«ከየት አውቃለሁ?»

«‹ቀስ በል› ነው የሚሉት። እግረኛ ይቀድመዋል እያሉ ሲሥቁበት ስድስት ዓመታቸው ነው። አሁን ሆስፒታል ተኝቶ እሽቅድድም አስጀመራችሁት!»

ቀስ በል የመካኒኩ ታናሽ እኅት ባል ነው፤ በዚሁ መድኃኒት አመላላሽ ድርጅት በአሽከርካሪነት ይሠራል። ትናንት ረፋዱ ላይ ለሁለት ክሊኒኮች መድኃኒት ጭኖ ሲሄድ፣ ዳገቱ ላይ የሚያዘግመውን የድንጋይ መኪና ለመቅደም ወደ ጎን ወጣ። ከመኪናው እኩል እንደ ደረሰ ሞተሩ በገዛ ራሱ ነዳጅ ቈርጦ ፍሬን ያዘ። ከፊት አውቶቡስ መጣበት። ወደ ቦዩ ዘለለ፤ ቀኝ ጭኑም ሁለት ቦታ ተሰበረ። ጥፋቱ የእሱ ነው ከተባለ መድኑ ሕክምናውን አይሸፍንም፤ ሥራውም እዚያው ላይ ያበቃል።

መሣሪያውን ድርጅቱ የገዛው ከሦስት ወር በፊት ነበር። በአዳራሽ ፊልም ታይቶለት፣ ተጨብጭቦለት ነው የመጣው። ከፊት መብራቱ በታች የተገጠመች ትንሽ የመስተዋት ዓይን፣ በስምንት ሜትር ውስጥ አንድ ነገር ባየች ቍጥር አሽከርካሪውን ሳትጠይቅ ሞተሩን ታቆማለች። አሽከርካሪዎቹ ሳምንት ታገሡ። ከዚያ በኋላ ሁሉም የጥፍር ቍራጭ የምታህል ጥቁር ፕላስተር በዓይኗ ላይ ለጠፉ። መካኒኩ ያውቅ ነበር፤ ሞተሮቹን ሲያጥብ ፕላስተሯን እየዞረ ያጥባል።

ሥራ አስኪያጁም ያውቅ ነበር።

መሐንዲሱ፣ መሣሪያውን ከሸጠው ኩባንያ የተላከው ወጣት፣ ኮምፒውተሩን በደረቱ ታቅፎ ገባ።

«ጋሼ፣ የመሣሪያውን መዝገብ አይቼዋለሁ» አለው መካኒኩን በትሕትና። «መሣሪያው አልተበላሸም። የመኪናውን ጎን አየ፣ ነዳጅ ቈረጠ። የታዘዘውን ነው ያደረገው።»

«እኔስ መቼ ተበላሸ አልኩ? ሳይበላሽ ነው ሰው የሰበረው! ልጄ፣ አንተ ሞተር ነድተህ ታውቃለህ?»

«በኮምፒውተር ሞክረነዋል። አራት ሺሕ ጊዜ።»

«አራት ሺሕ ጊዜ! ስንቴ ወደቅህ?»



«አንተ ደግሞ አዲስ ነገር ስታይ ያምሃል» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ መካኒኩ ዞሮ።

«አያመኝም። ጎማው እንዳይቆለፍ ፍሬኑን የሚያላላው መሣሪያ ሲመጣ በነዚህ እጆቼ የገጠምኩት እኔ አይደለሁ እንዴ? ዝናብ ላይ ስንቱን አትርፏል። እሱ ሰውዬው ልቁም ሲል ያግዘዋል። ይኸኛው ግን ሰውዬው ላምልጥ ሲል ጨምድዶ ይይዘዋል! የሠራው ሰው አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ከአንድ አሽከርካሪ ኋላ ተፈናጥጦ ቢሆን ኖሮ...»

የኪሱ ስልክ ጮኸ። እኅቱ ነበረች።

«ወንድምዬ፣ ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ይገባል ተባለ፤ የመድኑን ወረቀት አምጪ ይሉኛል።»

«እሱስ እንዴት አደረ?»

«ምኑን አደረ! ሌሊቱን ራሱን ሲረግም ነው ያደረው። ‹ፕላስተሩ ወድቆ ነበር መሰለኝ፤ ሳላይ መውጣቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው› ይላል። እስቲ አንተ ንገረው፤ አንተን ይሰማሃል።»

መካኒኩ «መልሼ እደውልልሻለሁ» አላት። ስልኩን ዘጋ።

ፕላስተሩ አልወደቀም። ትናንት ማለዳ አሽከርካሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ከዐሥራ ዘጠኙም ሞተሮች ላይ የላጠው እሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ «የሻጮቹ ሰዎች ሊጎበኙን ነው፤ አጽዳልኝ» ብሎ አዝዞት ነበር። እሱም ለአሽከርካሪዎቹ ምሳ ላይ እነግራቸዋለሁ ብሎ ተወው። ከመጋዘኑ እስከ ዳገቱ ያለው መንገድ ጭር ያለ በመሆኑ፣ ቀስ በል ዓይኗ መከፈቷን የሚያውቅበት አጋጣሚ አላገኘም። ለምሳም አልተመለሰም።

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፕላስተር የሚባል ነገር እዚህ እንዳይነሣ። ከተነሣ አንተም አለህበት። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ማስጠንቀቂያ የለብህም፤ ምን አጣህና?»

«ነገሩ እሱ ነው» አለ መካኒኩ። «ሊኖርብኝ ሲገባ አንድም የለብኝም።»

ወረቀቱን በተጋደመው ሞተር ወንበር ላይ ገልብጦ አስተካከለው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በልቡ ያዘጋጀው ክስ በሻጩ፣ በሥራ አስኪያጁና በመስተዋቷ ዓይን ላይ ብቻ ነበር፤ ቍጣውም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ከቍጣው ኋላ ተጠልሎ መቆሙን አሁን አየ፤ አፈረም። እጁ የዘይት አሻራ እየተወ በጀርባው እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«ትናንት ጠዋት ከሞተሮቹ ዓይን ላይ ፕላስተሩን የላጥሁት እኔ ነኝ። ለአሽከርካሪው አልነገርሁትም።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሊነጥቀው እጁን ሰደደ። መካኒኩ በክርኑ ከለከለው፤ ከዐረፍተ ነገሩ ሥር ስሙን ጽፎ ፈረመ፤ ቀኑንም ጨመረ። ከዚያም ወደ መሐንዲሱ ቀና አለ።

«ልጄ፣ ሌላ ወረቀት ስጠኝ» አለ። «የኔን ጨርሻለሁ። አሁን የእናንተን እጽፋለሁ።»