መርዶ በቴሌግራም

ለሰርካ የእናቷን መርዶ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ያውም በቴሌግራም፣ በፓስተር ቢራቱ ስም፣ እሷ ሚኤሶ ጤና ጣቢያ ሥራ ላይ እያለች። ቤተሰቧ ጭሮ ውስጥ ገና እሷን የሚያመጣ መኪና እየፈለገ ነበር።

ሥራዬ ቨርቹዋል አሲስታንት ይባላል። ጭሮ ውስጥ ይህን ስናገር ሰው ዝም ብሎ ያየኛል፤ ስለዚህ «የአገልጋዮች ጸሐፊ ነኝ፣ ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ» እላለሁ። ማኔጅመንት ተመርቄ የዞን መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማፍጠጥ ሰለቸኝና በላፕቶፔ ጀመርኩት። ፓስተሮች ይሰብካሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይጓዛሉ፤ ስልካቸው ግን ባልተነበበ መልእክት ይሞላል። ቻናላቸውን እይዛለሁ፣ ፕሮግራማቸውን አወጣለሁ፣ ለሚጽፍላቸው ሰው በስማቸው እመልሳለሁ። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። እናቴ፣ «አሜን የምትዪላቸውም አንቺ ነሽ?» እያለች ትስቅብኛለች።

ፓስተር ቢራቱ የመጀመሪያ ደንበኛዬ ናቸው። አዳማ ላለ አንድ ወንጌላዊና ድሬዳዋ ላለች አንዲት ዘማሪ ስለ እኔ ሊነግሩልኝ ቃል ገብተዋል። ጥሩ ከተናገሩልኝ ሥራው እውነተኛ ሥራ ይሆናል። ካልተናገሩልኝ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው እመለሳለሁ።

ያን ቀን ፓስተሩ ለአገልግሎት ወደ መሰላ እየሄዱ ነበር። መንገድ ላይ ሆነው በድምፅ መልእክት፣ «ዓይናዲስ፣ እማማ እንቁ ወደ ጌታ ሄደዋል። ለቤተሰቡ የማጽናኛ ቃል ላኪልኝ» አሉኝና ኔትወርኩ ተቆረጠ። ፈጣን ነኝ፤ የምሸጠውም ፍጥነቴን ነው። በስልካቸው መዝገብ ውስጥ ስፈልግ የእማማ እንቁ ልጅ ሰርካ ወጣች። አዘጋጅቼ ካስቀመጥኩት የማጽናኛ ጽሑፍ ውስጥ «እናትሽ» የሚለውን አስገብቼ ላክኩላት። መነበቡን የሚያሳየው ሁለቱ ራይት ወዲያው ታየ። ወደ ቀጣዩ ሥራ ሄድኩ።

እዚሁ ነው ያደግኩት፤ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ሐዘንተኛው ሩቅ ከሆነ ሁሉም አፉን ይይዛል፤ ቢደውልም «ደህና ናቸው» ይባላል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በሩን ያንኳኳሉ፤ ሐዘንተኛውን ደግፈው የሚይዙ ሴቶች አብረው ይገባሉ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ላፕቶፑ ፊት ስቀመጥ ግን ሞት ከሰርግና ከልደት ቀጥሎ ያለ ፋይል ሆኖብኝ ነበር።

ሰርካ መልእክቱን አንብባ ጋውኗን አወለቀች፤ ጫት አራግፎ ባዶውን በሚመለስ አይሱዙ ብቻዋን ተሳፍራ መጣች። ጭሮ ስትደርስ ድንኳን እየተተከለ፣ ሽማግሌዎቹም «ማን ይንገራት?» እያሉ እየተመካከሩ ነበር። በሩ ላይ ቆማ፣ «አትድከሙ፤ ሰምቻለሁ» አለቻቸው።

ይህን የነገረችኝ ለቅሶ ደርሳ የተመለሰችው እናቴ ናት።

«በስልክ ጻፉላት አሉ! ምን ዓይነት አውሬ ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ነጠላዋን እያጣጠፈች ነበር፤ ማጣጠፉን ተወችው። «ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ እንዲህ እንድትሆኚ ነው?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሰርካ ፓስተሩን ማናገር እንደምትፈልግ ላከችባቸው። እሳቸው ቀድመው እኔን ጠሩኝ። ቢሯቸው ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ የባጃጅ ጥሩምባ እስከ ውስጥ ይሰማል።

«ሲስተሙ በራሱ ላከው እንላታለን» አሉኝ።

«ሲስተሙ የእማማ እንቁን መሞት ከማን ሰማ?»

«አንቺ ደግሞ! ኮምፒውተር አይሳሳትም?»

«ይሳሳታል። ለቅሶ ግን አይደርስም።»

ሳይፈልጉ ሳቁ፤ ሳቁን ወዲያው ዋጡት። «ስሚኝ ልጄ። ሰው የሚጽፈው ለእኔ ብሎ ነው። አንቺ እንደምትመልሺ ካወቀ ማን ይጽፋል? የአዳማው ወንጌላዊ ትናንት ስለ አንቺ ጠይቆኛል፤ ጎበዝ ናት ብዬዋለሁ። ማል ጎና? ምን እናድርግ? አንቺ ዝም በይ፣ እኔ እናገራለሁ።»

«እሺ» አልኩ። አዳማን እያሰብኩ ነበር። ደስ ግን አላለኝም፤ ምክንያቱም ከመርዶው በላይ የሚያስጨንቀኝ ነገር ነበረ። ሰርካ ለፓስተሩ ደጋግማ ትጽፍ ነበር፤ ስለ ሥራዋ፣ ስለ እናቷ ሕመም፣ ለማንም ስለማትናገረው ፍርሃቷ። ሁሉንም ያነበብኩትም የመለስኩትም እኔ ነኝ። ፓስተሩ መጀመሪያ ላይ «እያሳየሽኝ ላኪ» ይሉኝ ነበር። በኋላ «አንቺ ታውቂያለሽ» ማለት ጀመሩ።

ሰርካ ጥቁር ለብሳ ገባች። በእኔ ዕድሜ ያለች ናት። በፎቶ እንጂ በአካል አይቻት አላውቅም ነበር።

«ዓይናዲስ ትባላለች፤ በቢሮ ሥራ ታግዘኛለች» አሉ ፓስተሩ። ከዚያ ስለ ሲስተሙ ማስረዳት ጀመሩ። ሰርካ እስኪጨርሱ አልጠበቀችም።

«እሱን ይተዉት፤ ለእሱ አይደለም የመጣሁት። እናቴ ስትደክም ሥራዬን ለቅቄ ልምጣ ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር። ‹ዝውውርሽ እስኪመጣ እዚያው ቆዪ፤ እናትሽ በጌታ እጅ ናቸው› አሉኝ። ቆየሁ። ያን ሲጽፉልኝ ጸልየውበት ነበር?»

ፓስተሩ አፋቸውን ከፈቱ። ስለየትኛው መልእክት እንደምታወራ አያውቁም። ዞረው እኔን አዩኝ። እሷም አየችኝ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሳቸው አላዩትም።»

«ዓይናዲስ!» አሉ ፓስተሩ።

«መርዶውንም የላክኩት እኔ ነኝ። ሲስተም የሚባል ነገር የለም።»

ሰርካ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «አንቺስ ጸልየሽበት ነበር?»

«አልጸለይኩም። ሥራ የለቀቀች ነርስ በቀላሉ ተመልሳ እንደማትቀጠር አውቅ ነበር። እሱን አስቤ ነው።»

«እናቴን አስበሻታል?»

«ይህን ያህል እንደታመሙ አላወቅኩም።»

«ጽፌልሽ ነበር።»

ጽፋልኝ ነበር።

ፓስተሩ ተነሡ። «እህቴ ሰርካ፣ ይህች ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ጋር አትሠራም። ለአዳማውም እነግረዋለሁ። አሁን እሷ ትውጣና እኔና አንቺ በጸሎት ...»

«እሷ አትወጣም» አለች ሰርካ። ድምጿ ከፍ አላለም። «እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ሳወራ የኖርኩት ከእሷ ጋር ነው። የምጠይቃት አለ፤ የምሰድባትም አለ። እርስዎ ይውጡልን።»

«ከቢሮዬ?»

«አዎ።»

ፓስተሩ ቆመው እኔን ጠበቁ። ምን እንደሚመልሱ ሁልጊዜ የማዘጋጅላቸው እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ምንም አላዘጋጀሁላቸውም። ስልካቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ፤ ወጡና በሩን ዘጉት።