ሲከፈት የሚሳደብ ሽቶ

ሽታው ከሴትየዋ ቀድሞ ድንኳኑ ውስጥ ገባ።

መጀመሪያ የደረሳቸው በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሴቶች ናቸው። ወሬያቸውን አቋረጡና ተያዩ። ቀጥሎ የመስታወት አክስት ወይዘሮ ጌታነሽ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። መስታወት ቀና ማለት እንኳ አላስፈለጋትም። ጦስኝ፣ ጭቁኝ፣ አሪቲ፤ የእናቷ ሽቶ ነው። እናቷ አያልነሽ ከተቀበረች ዛሬ ሠልስቷ ነው። ሐዘን በተቀመጠ ቤት ሴት አናቷ ላይ ቅቤ አታደርግም፤ እንኳን ሽቶ።

"ሰርግ የተጠራች መሰላት እንዴ?" አለች አንዷ፣ ቀስ ብላ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ።

የመጣችው ኮከብ ነበረች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አያልነሽ ቤት በሠራተኝነት የገባች፣ በኋላ ግን የቤቱ ምን እንደሆነች ለመናገር አገሩ የተቸገረባት ሴት። አያልነሽ ያረፈችውም በእሷ እጅ ላይ ነው። ከቀብሩ ወዲህ ድንኳኑን ሳትረግጥ ቆይታ፣ ይኸው ዛሬ እየሸተተች መጣች።

መስታወት ደስ አላት። እውነቱ ይሄ ነው፣ ደስ አላት። ይህችን ሴት ከእናቷ ለቅሶ የምታባርርበት ምክንያት ሦስት ቀን ሙሉ ስትፈልግ ነበር፤ ምክንያቱ በገዛ እግሩ መጣላት።

በዘመሮ ከተማ የአያልነሽን ሽቶ የማያውቅ የለም። "ሲከፈት ይሳደባል፣ ሲያድር ይታረቃል" ይሉታል። ክዳኑ ሲነሳ የጭቁኙ ምሬት አፍንጫ ይመታል፣ ሰው ፊቱን ያዞራል። ካደረ በኋላ ግን ከልብሱ ላይ ዝናብ ያባራለት የጓሳ ሜዳ የመሰለ ጠረን ቀስ ብሎ ይወጣል። ለእሱ ብለው ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጡ ነበሩ። አያልነሽ ደግሞ ለመጣው ሁሉ አትሸጥም። ገዢዋን ጠጋ ብላ ታሸትና "ይሄ አንቺን አይመስልም፣ ሂጂ" ብላ በባዶ እጇ ትመልሳታለች። ሽቶውም ሴትየዋም አንድ ናቸው እያለ አገሩ ይስቃል።

መስታወትን ግን አያስቃትም። እሷ የምታውቀው ስድቡን ነው፤ ዕርቁ ለእሷ አልደረሳትም።

አሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ እናቷ ዓይኗን በነጠላ አስራ፣ ሁለት እፍኝ ጦስኝ አቀረበችላት። አንደኛው ከጓሳ የመጣ ነው፣ ሌላው ከጓሮ። "የቱ ነው የጓሳው?" መስታወት ተሳሳተች። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ተሳሳተች።

"አንቺ አፍንጫ የለሽም" አለች እናቷ፣ በደንበኞቿ ፊት። "ሂጂ ሽንኩርት ሽጪ። እሱ እንደሆን ራሱ ይሸታል።"

ሰው ሳቀ። መስታወት አልሳቀችም። ዓመት ሳይሞላ ዓለም ከተማ አግብታ ሄደች። እልኳም አላስቀመጣትም፣ ገበያ መሐል ሽንኩርቷን ዘርግታ ትሸጥ ጀመር። በዓል ሲመጣ እየመጣች ትጠይቅ ነበር። አንድ ቀን ግን እናቷ በስልክ፣ "አንዲት ልጅ ቀጥሬ የጓሳውን ጦስኝ በአንድ አፍታ ለየችው እኮ። በአንድ አፍታ" አለቻት። ከዚያ ወዲህ መምጣቱም መደወሉም እየሳሳ ሄደ።

ባለፈው ሳምንት ስልኳ ሦስት ጊዜ ጠራ። ሦስቱም ጊዜ የኮከብ ቁጥር መሆኑን አይታ አላነሳችም። አራተኛው የአክስቷ ነበር። "ነይ ብቻ፣ እናትሽን ትንሽ አሟታል" አሏት፤ እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሁለት መኪና ቀይራ ስትደርስ አስከሬኑ ተገንዞ አልቆ ነበር።

"ውጪልኝ" አለች መስታወት፣ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ሳትነሳ።

ኮከብ መሐል ላይ ቆመች። እጆቿን በነጠላዋ ጠቅልላለች።

"እትዬ መስታወት፣ ነፍሳቸውን..."

"ውጪልኝ አልኩሽ። የእናቴ አፈር ሳይደርቅ ሽቶ ተቀብተሽ ትመጪብኛለሽ?"

"አልተቀባሁም።"

"እኛ አፍንጫ የለንም?"

ኮከብ ነጠላዋን ፈታች። እጆቿ እስከ አንጓቸው ቀልተዋል። ቆዳው ቦታ ቦታው ላይ ተልጧል፣ የጣቶቿ መሐል ተሰነጣጥቆ ደም አርግዟል።

"በአመድ ፈተግሁት" አለች። "በእንዶድም ሞከርሁ። አልለቅ አለኝ። ቅጠሉን ከዘይቱ የምናሸው በእጃችን ነው። እማማ ማንኪያ ከነካው ይሞታል ይሉ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሽቼ እንዴት ብሎ ይልቀቀኝ። እንዲህ እየሸተትሁ ሐዘን ቤት አልገባም ብዬ ነው የቀረሁት። ቀብሩ ላይም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሜ ነበር። ዛሬ ሠልስታቸው ሲሆን አላስችል አለኝ።"

ያቺ ስለ ሰርግ የተናገረችው ሴት ጥግ ጥጉን አየች። ወይዘሮ ጌታነሽ ከንፈራቸውን መጠጡና፣ "ነይ ተቀመጪ፣ ልጄ" ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት። ቦታው ከመስታወት ፊት ለፊት ነበር።

መስታወት አልራራችም። ሽቶውን ተቀብታው ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። አሁን ቂሟን የምታሳርፍበት አጣች፣ ያም ይበልጥ አናደዳት። አጎንብሳ በጥርሷ መሐል ተናገረች።

"ደጋግመሽ የደወልሽው ምን ልትዪኝ ነበር?"

"እኔ አልነበርሁም።" ኮከብም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እማማ ናቸው ደውዪልኝ ያሉኝ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዤላቸው ነበር። ጥሪው እስኪቋረጥ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ድገሚው ይሉኛል።"

"ምን ልትለኝ?"

"አልነገሩኝም። ለራሷ ነው የምነግራት አሉ።"

መስታወት ሦስቱን ጥሪ ሽንኩርቷ ፊት ተቀምጣ፣ ስልኩን ጭኗ ላይ ገልብጣ ነበር ያሳለፈቻቸው። ያን ጊዜ ሥራ እንኳ አልነበራትም። እንባ ግን አሁንም እምቢ አለ። "ደረቅ ናት፣ እናቷን ነው የወጣችው" ሲሉ ትናንት ሰምታለች።

ምሳ ቀረበ። የአያልነሽ ጎረቤት አመተሥላሴ የእጅ መታጠቢያውን ይዛ ከበሩ ጀምራ ማዞር ጀመረች። መስታወት ድንገት ተነሳችና ማንቆርቆሪያውን ተቀበለቻት።

"ኧረ ተይ፣ ሐዘንተኛ አያስታጥብም" አለች አመተሥላሴ።

መስታወት አልሰማቻትም። ለአክስቷ አፈሰሰችላቸው። ቀጥላ ኮከብ ፊት ቆመች። ኮከብ የተላጡ እጆቿን ዘረጋች። መስታወት አየቻቸውና ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረገች።

"አንቺ አትታጠቢም።"

ሴቶቹ አጎነበሱ። እንግዳን ሳያስታጥቡ ማለፍ ከገበታ ማባረር ነው፤ ከዚያ የከፋ ስድብ አይታወቅም። ኮከብ እጆቿን ሰበሰበችና ለመነሳት ነጠላዋን ያዘች።

"ምነው ልጄ" አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ። "ሰይጣንን አታስቂው፣ በእናትሽ ሠልስት..."

መስታወት ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጣ፣ ኮከብ ጎን ቁጢጥ አለች። ከመርዶው ወዲህ ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሰችም።

"አጉርሺኝ" አለች።

"እጄ እኮ..."

"በዚሁ እጅሽ።"

ኮከብ ከትሪው ላይ እንጀራ ቆረሰች፣ ሽሮ አጠቀሰች፣ አጎረሰቻት። ከሽሮው አስቀድሞ የጭቁኙ ምሬት ምላሷን ነካው። ልጅ ሳለች ከእናቷ እጅ የበላችው ሁሉ እንዲህ ይመር ነበር። እየተነጫነጨች ትተፋው ነበር። አሁን ቀስ ብላ አኘከችው፣ ዋጠችው። እንባዋ በአገጯ ወርዶ ነጠላዋ ላይ ሲንጠባጠብ አልጠረገችውም።

ወይዘሮ ጌታነሽ እንደ ልማዱ የሚባለውን አሉ። "ድገሚያት እንጂ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል።"

"ድሮም የተጣላን ነን" አለች መስታወት፣ አፏንም ከፈተች።