የብርሃን ንቅናቄ አባላት

በ1972 ዓ.ም. ዙቤዳ ዲኖ ጎባ ውስጥ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማር ነበር። የታሪክ መምህሯ ገብረ ሚካኤል፣ እያንዳንዱ ተማሪ በዓለም ላይ ለውጥ ስላመጣ አንድ ንቅናቄ ጽፎ እንዲያመጣ አዘዘ። ከአርባ ሦስቱ ተማሪዎች አርባ ሁለቱ ስለ ሩሲያው የጥቅምት አብዮት ለመጻፍ እዚያው ወሰኑ። ስለ እሱ የሚናገር መጽሐፍ በየቦታው ይታደል ስለነበር የተቸገረ አልነበረም።

ዙቤዳ ግን ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ላይ፣ ድሮ እዚያ ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ጥሎት የሄደ የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ አግኝታ ነበር። እንግሊዝኛ ነው። ሠዓሊዎችም ንቅናቄ እንደነበራቸው ያነበበችው እዚያ ላይ ነው። ስለ እነሱ መጻፍ ይቻል እንደሆነ መምህሩን ጠየቀችው። ገብረ ሚካኤል ትንሽ አሰበና፣ ሰው ያልተገደለበት ንቅናቄ ከሆነ እሱም ሲያርም ያርፋል አላት።

ሮቤ ላይ ሱቅ ያለው አባቷ፣ ለትምህርቷ ብሎ እህቱ ቤት ነበር ያስቀመጣት። አክስቷ ጁሀራ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዙቤዳ አዳዳ እያለች ትጠራታለች። ዙቤዳ አንድ ወር ሙሉ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጣ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጠች መጽሐፉን ደብተሯ ላይ ወደ አማርኛ መለሰችው። የፈረንጅ ስሞቹ ለአፍ ስላስቸገሯት ለእያንዳንዱ ንቅናቄ የራሷን ስም አወጣች። የእውነታ ንቅናቄ፣ የብርሃን ንቅናቄ፣ የማዕዘን ንቅናቄ፣ የስሜት ንቅናቄ። አንብባ ብቻም አልተወችው። እያንዳንዱን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በከሰል ሞከረችው። ጁሀራ መቀሷን በብርሃን ንቅናቄ ተስሎ ስታየው፣ መቀሱ እንዲህ ከደነዘዘ ሞረድ ይፈልጋል አለች።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ያልተመዘገበ መሣሪያ ፍለጋ ቤት ለቤት ወጡ። ወደ እነ ጁሀራ ቤት የመጣው ተሰማ የሚባለው ነበር። ተሰማ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠረ ዓመት አልሞላውም፤ ስለዚህ ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ያነባል። ደብተሩን ከስፌት መኪናው ላይ አንስቶ የተገለጠውን ገጽ ቆሞ አነበበ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀበት። እንዲህ ይላል፦

«የብርሃን ንቅናቄ። መሥራቾቹ ወጣቶች ነበሩ። የመንግሥት አዳራሽ ስለተከለከሉ በግል ቤት ተሰበሰቡ። ዓላማቸው አሮጌውን ሥርዓት ማፍረስ ነበር።»

ከግርጌው የመሪዎቹ ስም ተዘርዝሯል። ተሰማ ደብተሩን አጥፎ ብብቱ ውስጥ አደረገና፣ ዙቤዳ ከሰዓት በኋላ ቀበሌ ለአንድ ጥያቄ እንደምትፈለግ ተናግሮ ወጣ።

በዚያ ሰፈር «ለአንድ ጥያቄ» ሲባል ሰው ሁሉ ያውቃል። የጎረቤታቸው የወርቂቱ ልጅ በ1970 ለአንድ ጥያቄ ተብሎ ተጠርቶ፣ ጥያቄው እስካሁን አላለቀም። ጁሀራ ወፍራም ጋቢ አጠፈች፣ የገብስ ጭኮ በላስቲክ ቋጠረች፣ መኪናውን በጨርቅ ሸፈነችና ከዙቤዳ ጋር ወጣች። መንገድ ላይ «ያ ረቢ» ስትል ብቻ ይሰማ ነበር። ዙቤዳ ቀበሌው በር ላይ ስትደርስ ሻሿን አስተካክላ ገባች። ጁሀራን ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀመጧት።

ቢሮው ከአንድ ባላባት የተወረሰ ሳሎን ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ ፈቀደ ድሮ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ስለነበር አንድ ጆሮው በደንብ አይሰማም፤ በሚሰማው በኩል ዘንበል ብሎ ተቀምጧል። ጸሐፊው ሙሉአለም ቃለ ጉባኤውን ዘርግቶ እስክሪብቶውን ይሞክራል። ተሰማ በሩ ላይ ቆሟል። ደብተሩ ጠረጴዛው መሀል ላይ ነው።

ፈቀደ «የዚህ የብርሃን ንቅናቄ አባላት ስንት ናቸው?» ብሎ ጀመረ።

«ሠላሳ ያህል ናቸው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አሁን የት ነው ያሉት?»

«ሞተዋል።»

ሙሉአለም «ሞተዋል» ብሎ ከጻፈ በኋላ፣ በማን እርምጃ እንደሆነ ጠየቃት።

«በእርጅና» አለች ዙቤዳ።

ፈቀደና ሙሉአለም ተያዩ። በእርጅና የሞተ የንቅናቄ አባል ከዚያ በፊት አልገጠማቸውም። ዙቤዳ ነገሩ የሥዕል እንደሆነ፣ የታገሉትም ከሥዕል ትምህርት ቤት ኃላፊዎች ጋር እንደነበር አስረዳች። ፈቀደ ጥያቄያቸው ምን እንደነበር ጠየቀ። ብርሃን ዕቃ ላይ ሲያርፍ የሚታየውን እንዳለ ለመሳል ነው አለችው። አሸንፈው እንደሆነ ጠየቀ። አሸንፈዋል፤ ከዚያ ግን ብርሃን ብቻ አይበቃም የሚሉ ሌሎች ተነሱባቸው አለች። ፈቀደ ይህኛውን በደንብ እንደሚረዳው ራሱን ነቀነቀ።

ተሰማ ግን አላመነም። ሥዕል ነው ማለት ቀላል እንደሆነ፣ ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ተናገረ። ሙሉአለምም ደገፈው። እንዲህ ሆኖ፣ ተጠርጣሪዋ እያንዳንዱን ንቅናቄ በተግባር እንድታሳይ፣ ለዚህም ሊቀመንበሩን እንድትስል ተወሰነና ተጻፈ። ከማንደጃው ከሰል ተመረጠላት። ወረቀቱ የስብሰባ መጥሪያ ጀርባ ነበር።

መጀመሪያ በእውነታ ንቅናቄ ሳለችው። የፊቱ መጨማደድም፣ የወለቀው የኮቱ ቁልፍም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ፈቀደ አይቶ፣ ይህኛው ምንም ችግር የለበትም አለ።

ሁለተኛው የብርሃን ነበር። ከሊቀመንበሩ ጀርባ መስኮት አለ፤ ፀሐይ ከዚያ ትገባለች። ዙቤዳ ወረቀቱን ስታስረክብ ተሰማ አንገቱን አስግጎ አየና «ጓድ ሊቀመንበር ጠፍተዋል» አለ።

«አልጠፉም፤ ራቅ ብላችሁ እዩት» አለች።

ወረቀቱን ወንበር ላይ አቁመው ሦስቱም ግድግዳው ድረስ አፈገፈጉ። ከዚያ ሲያዩት በእርግጥም ፈቀደ ነበር። ሙሉአለም ተመልሶ ተቀመጠና «ከሩቅ ይታያሉ» ብሎ ጻፈ።

ሦስተኛው የማዕዘን ነው። ሰውን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ባንዴ የሚያሳይ። ሁለቱንም ጆሮዎቹን በአንድ በኩል፣ ማጅራቱን በሌላ በኩል አደረገች፤ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ሽጉጥ ሳለች።

«ሽጉጡን እንዴት አየሽው?» አለ ፈቀደ።

«አላየሁትም። እንዳለ ግን አውቃለሁ።»

ዙቤዳ አበቃልኝ ብላ አሰበች፤ ጁሀራ ውጭ ይዛ የምትጠብቀውን ጋቢም አሰበች። ፈቀደ ግን ወረቀቱን ወደ ተሰማ አዞረና፣ ጥበቃ ማለት ይህ እንደሆነ፣ እሱ ሦስት ዓመት በር ላይ ቆሞ ይህን እንዳልተማረ ነገረው። ተሰማ ቆቡን አወለቀ።

የቀረው አራተኛው፣ የስሜት ንቅናቄ ነበር። ዙቤዳ ይህኛው ቢቀር አለች። ፈቀደ ለምን ብሎ ጠየቃት።

«በዚህኛው የሚታየውን አይደለም የሚስሉት። የሚሰማውን ነው።»

«ለማን የሚሰማውን?»

«መጽሐፉ ለይቶ አልጻፈም።»

«ሳዪው» አለ።

ዙቤዳ ከሰሉን አነሳች። ፈቀደ በየጠዋቱ ወደ ቢሮ ሲሄድ በቤታቸው በኩል ያልፋል። ወርቂቱ ደጅ ሲደርስ ሁልጊዜ መንገዱን ይሻገራል፤ ጭቃም ቢሆን ይሻገራል። ይህን ብዙ ጊዜ አይታለች። አሁን ያን መሻገሩን እያሰበች ሳለችው። ስትጨርስ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰውዬ ትከሻው ወርዷል፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ተጠጋግተዋል፣ ዓይኑ በሩን ያያል። ሊቀመንበሩ ወንበር ላይ ተቀምጦም፣ ለአንድ ጥያቄ የተጠራ ይመስል ነበር።

ፈቀደ ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ራቅ ብሎ ለማየት አልተነሳም። ሙሉአለም ለማየት ጠጋ ሲል ወረቀቱን ገለበጠው።

«ሦስቱ ንቅናቄዎች ተመርምረው ችግር አልተገኘባቸውም ብለህ ጻፍ» አለ።

«አራተኛውስ?» አለ ሙሉአለም።

«አራተኛ የለም።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ደብተሩ እያንዳንዱ ገጹ ላይ የቀበሌው ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰላት። ዙቤዳ ስትወጣ ጁሀራ ከአግዳሚው ተነሳች፤ አላቀፈቻትም፣ አላለቀሰችም፤ ጭኮውን ፈትታ እዚያው ቆማ እንድትበላ አደረገቻት። ዙቤዳ ሁሉንም በላችው። ገብረ ሚካኤል በበኩሉ ከሃያ አሥራ አራት ሰጣት። ማኅተሙ ያረፈበትን ቦታ ማንበብ እንዳልቻለ ከሥሩ ጽፏል።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ ሰኔ ገብቶ ዝናብ ሲጥል፣ ፈቀደ ብቻውን እነ ጁሀራ ቤት መጣ። ጁሀራ ስታየው ለሁለተኛ ጊዜ ጋቢውን ልታጥፍ ተነሳች። እሱ ግን ለቀበሌ ጉዳይ እንዳልመጣ ነገራት። በሩ አጠገብ እንደቆመ፣ ባለቤቱ እኅተማርያም ወረቀቱን ከኪሱ ውስጥ እንዳገኘችው ተናገረ።

«ሦስቱን ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጥፈናቸዋል፤ እነሱንም አይታለች። ያኛውን ስታይ ግን፣ ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ፣ አብሮኝ ነው የሚያድረው አለች። ከዚያ ኪሴ ውስጥ መልሳ ከተተችው፤ ረሳችውና ከኮቱ ጋር አጠበችው።»

ዙቤዳ ከሰል ውሃ እንደማይችል ነገረችው።

«ድጋሚ ይሁን ትላለች» አለ ፈቀደ። «ትልቅ ይሁን ብላለች።»

ጁሀራ ከወንበሩ ላይ የተቆረጡ የዩኒፎርም እጅጌዎች አነሳችና እንዲቀመጥ አሳየችው፤ ሻይም ቀዳችለት። ተቀመጠ። ዙቤዳ ሙሉ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት በጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ከሰሏን ይዛ ጠበቀች። ፈቀደ ወንበሩ ጫፍ ላይ ደርቆ፣ አገጩን አንስቶ፣ ሰልፍ ላይ እንዳለ ሆኖ ተቀምጧል። ብትጠብቅ ብትጠብቅ አይለወጥም።

በመጨረሻ «ጓድ ሊቀመንበር፣ መተንፈስ ይችላሉ» አለችው።

ፈቀደ ተነፈሰ፤ ትከሻው ወረደ። ዙቤዳ መሳል ጀመረች።