ቄስ ቬንደሊን ያስወጡት መንፈስ

ቄስ ቬንደሊን ፈሪ መሆናቸውን ከማንም በላይ የሚያውቁት ራሳቸው ነበሩ። በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒዋ ትንሽ ከተማ በሊንደንሮዳ ሲሰብኩ የኖሩት መስፍኑ ወዲህ ሲል ወዲህ፣ ወዲያ ሲል ወዲያ እያሉ ነው። «ወገቤ ለመጎንበስ የተሠራ ነው፤ እግዜር የሰጠኝ ጸጋ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም» ይሏት ነበር ባለቤታቸውን አፖሎኒያን።

ታዲያ መስፍኑ ከሉተር ትምህርት ወደ ሌላው የተሐድሶ መምህር ወደ ካልቪን አዘነበለና፣ ሕፃን ሲጠመቅ «ርኩስ መንፈስ፣ ውጣ!» የሚባለው እንዲቀር አዋጅ አስነገረ። ቄሱ እንደ ልማዳቸው እሺ አሉ። እሺ ያላለችው ቢራ ጠማቂዋ ዋልፑርጋ ናት።

«አባቴ፣ እሑድ የእህቴን ልጅ ክርስትና አነሳለሁ። ሰይጣኑን ያስወጡልኛል።»

«ዋልፑርጋ፣ አዋጁን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ! መስፍኑ ከፈለገ ለራሱ ልጆች ያስቀርላቸው። እኛ ሰይጣን አናሳድግም። እምቢ ካሉ ግን ከኔ ቤት ቢራ እንዳይጠብቁ!»

መስፍኑ ሩቅ ነው፤ ቢራው ቅርብ ነው። ቄሱ እሷንም እሺ አሏት።

እሑድ ግን የመስፍኑ መርማሪ ዶክተር ሲጊስመንድ ሳይታሰብ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ጉብ አለ። ቄሱ መውጫውን በር በዓይናቸው ፈለጉ። ደግነቱ ብልሃት መጣላቸው፤ ሕዝቡ ጮክ ብሎ ሲዘምር ቃሏን ለዋልፑርጋ ሹክ ይሏታል፣ መርማሪው አይሰማም።

«ዘምሩ! ከልባችሁ ዘምሩ!» አሉ።

ተዘመረ። ቄሱ አጎንብሰው አንሾካሾኩ።

«አልሰማሁም፣ አባቴ!» አለች ዋልፑርጋ ሕፃኗን ታቅፋ።

ትንሽ ከፍ አደረጉት።

«አሁንም አልሰማሁም!»

ሰዉ ምን እየተባለ እንደሆነ ለመስማት ጓግቶ ድንገት መዝሙሩን ገታ። ቄሱ ግን ትንፋሻቸውን ስበው ጨርሰዋል። በፍርሃት ዓይናቸውን ከመርማሪው ላይ መንቀል ስላቃታቸው፣ ፊት ለፊት እያዩት፣ በዚያ ጸጥታ መሐል ጮኹ።

«ርኩስ መንፈስ፣ ውጣ!»

ዶክተር ሲጊስመንድ ፊቱ ቀላ። ተነሣ። ባርኔጣውን አነሣና ወጣ።

«አሜን!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

በዚያው ሳምንት ቄሱ ከሥራ ተባረሩ። የከተማው ሰው ጋሪያቸውን በአይብና በደረቀ የአሳማ ሥጋ ሞላው።

«ኧረ ፈርቼ ነው! እሱን ማለቴ አልነበረም!» አሉ ቄሱ።

«ትሕትናቸውን እዩልኝ!» አለች ዋልፑርጋ፣ እያለቀሰች በርሜል ስትጭን።

ከድንበር ማዶ፣ የሉተር ትምህርት በጸናበት አገር፣ ስለ እምነቱ የተሰደደ ጀግና ተብለው ከቀድሞው የተሻለ ደብር ተሰጣቸው። በየግብዣው ታሪኩን ንገሩን ይሏቸዋል። እሳቸውም መውጫውን በር በዓይናቸው መፈለጋቸውን ሳይቀር አንድ በአንድ ይናገራሉ። ሰዉ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ እንባውን ይጠርጋል። «እውነተኛ ጀግና ራሱን ዝቅ ያደርጋል» ይባባላል።

አንድ ቀን ከግብዣ ሲመለሱ አፖሎኒያ ጠየቀቻቸው።

«ዛሬስ ምን አልካቸው?»

«እውነቱን ነዋ! እንደ ቅጠል እየተንቀጠቀጥኩ ነበር አልኳቸው።»

«ታዲያ ይህን ስትላቸው ደረትህን የነፋኸው ለምንድን ነው?»

ቄስ ቬንደሊን ወደ ደረታቸው አዩ። እውነትም እስካሁን እንደተነፋ ነው። ሊያስተነፍሱት ሞከሩ፤ ደግሞ እኮ ደስ ይላል። አፍረው ፈገግ አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።