ቀኙን ነው የምጠራው

ወልደአማኑኤል አሰላ ከተማ ውስጥ ሒሳብም ጂኦግራፊም ያስተምራል። ሒሳቡን ሌላ አስተማሪ ስለጠፋ ጫኑበት፤ ጂኦግራፊው ግን የነፍሱ ነው። ባሕር አይቶ አያውቅም። ሆኖም በተከራያት ክፍል ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ በሐሳቡ ከወደብ ወደ ወደብ ሲዞር እራቱን ይረሳል።

በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ወሬ መጣ። ኢንስፔክተሩ አቶ ገብረ መድህን ከአዲስ አበባ መጥተው የየአስተማሪውን ክፍል ያያሉ፤ ማን በምን ትምህርት ዲግሪውን እንደሚማር የሚወስኑትም እሳቸው ናቸው።

“ሒሳብ ነው የሚሉህ” አለው ባልደረባው ፍሰሐ እየሳቀ። “አገር የቸገራት የሚደምር ሰው ነው። ባሕርህን ማን ይጠጣልሃል?”

“ሒሳብ ካሉኝ ሞቻለሁ።”

“ቀስ ብለህ ሙት፤ ገና ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ አለህ።”

ወልደአማኑኤል አልሳቀም። ያን ሰሞን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ልጆቹ ጂኦግራፊውን ደህና አድርገው እንደሚያውቁት ያውቃል፤ ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። በዋዜማው ሰበሰባቸውና፣ “ነገ ጂኦግራፊ ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ አውጡ። የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። እኔ ቀኙን ነው የምጠራው” አላቸው። ስለ ሒሳብ ምንም አላለም። ለሒሳብ ማን ይጨነቅለታል?

በማግስቱ ኢንስፔክተሩ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

“የቀታር ወንዝ የሚገባው ወዴት ነው?” ብሎ ወልደአማኑኤል ሲጠይቅ ክፍሉ የእጅ ደን ሆነ። አንዱን ሊጠራ አፉን ሲከፍት አቶ ገብረ መድህን ብድግ አሉ።

“ቆይ፣ እኔ ልጥራ። አንተ፣ ግራ እጅህን ያወጣኸው። ስምህ ማነው?”

“ከዲሮ።”

“እስቲ ከዲሮ፣ ወዴት ይገባል?”

ከዲሮ የዚያን ወንዝ ውሃ ሲጠጣ ያደገ ልጅ ነው። መምህሩን በጭንቀት አየ። “ከቤታችን በታች ነው የሚያልፈው፣ ጋሼ። ከዚያ ወዲያ ሄጄ አላውቅም።”

ክፍሉ ሳቀ። ኢንስፔክተሩ ሌላ ግራ እጅ ጠሩ፤ ዝም። ሌላ ጠሩ፤ አንገቱን ደፋ። ከፊት ሀጂራ ቀኝ እጇን ወደ ጣሪያው ወጥራ፣ “እኔ፣ ጋሼ፣ እኔ” ትላለች። የሚጠራት ጠፋ።

የሒሳቡ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ እጅ ያወጡት ጥቂት ነበሩ። የተጠሩት ግን ሁሉም መለሱ። ከዲሮ እንኳ ክፍልፋዩን ሰሌዳው ላይ ሠርቶ፣ ጠመኔውን ከእጁ አራግፎ ተቀመጠ።

ውጭ ሲወጡ ኢንስፔክተሩ ትከሻውን ያዙት።

“ልጄ፣ የቀኝና የግራውን ዘዴ ወጣት አስተማሪ ሳለሁ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። አልቆጣህም። ሰው የሚሸፍነው የማይችለውን ነው፤ ሒሳቡን አልሸፈንክም። ሒሳብ ብያለሁ።”

“ጌታዬ፣ ልጆቹ ያውቁታል። ቀኝ ያወጡትን ቢጠይቋቸው…”

“ካወቁት ለምን ሸፈንከው?”

ለወልደአማኑኤል “ፈርቼ” ማለት ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱን ሳይል ኢንስፔክተሩ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። መኪናቸው በኢተያ መንገድ አቧራውን እያስነሣ እስኪሰወር ባለበት ቆሞ ቀረ።

ደብተሩን ሊያነሣ ሲመለስ ሀጂራ በሩ ላይ ስትጠብቀው አገኛት።

“ዝዋይ ሐይቅ ነው፣ አይደል ጋሼ?”

ወልደአማኑኤል በአዎንታ ራሱን ነቀነቀላትና ደብተሩን ሊያነሣ ገባ።